ዙሪያ በክር፣ ስፋት በንጣፍ፦ ጂኦሜትሪ ያስቸገረውን ልጅ ቤት ውስጥ ማስጠናት

«ሌላው ሒሳብ ይገባዋል፤ ጂኦሜትሪ ሲመጣ ነው ድርቅ የሚለው። ምን ላድርግ?» ልጆች ማስጠናት ከጀመርኩ ወዲህ ከወላጆች እንደዚህ ደጋግሞ የደረሰኝ ጥያቄ የለም። እስካሁን በስልክ ነበር የምመልሰው። ክርና ካርቶን በስልክ ማሳየት ግን አይመችም፤ ስለዚህ አሠራሩን ከነቅደም ተከተሉ ጻፍኩት።

መመሪያው ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላለ ልጅ ይሆናል። እርስዎ ትምህርቱን ከረሱት ቆይተው ከሆነ አይስጉ፤ እዚህ ያለው ሁሉ በእጅ ተሠርቶ የሚታይ ነው። በአንድ ቀን ለመጨረስ ግን አይሞክሩ። በቀን አንድ ደረጃ፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ጠንካራ ካርቶን። የጫማ ካርቶን ጥሩ ነው።
- የማይለጠጥ ክር ወይም ሲባጎ፣ 2 ሜትር ያህል። የሹራብ ክር አይሆንም፤ ስለሚለጠጥ ልኬቱን ያበላሻል።
- ካሬ ካሬ የተሰመረበት ወረቀት። የደብተሩን ካሬ አስቀድመው ይለኩት፤ ጎኑ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር የሚሞላው በአራት ትንንሽ ካሬ ነው። ካልተገኘ ነጭ ወረቀት በ1 ሳ.ሜ. ያስምሩ።
- ማስመሪያ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ፕሮትራክተር (የማዕዘን መለኪያ)
- መቀስ፣ ስፒል፣ ፕላስተር፣ ከለር እርሳስ
- ሦስት ክብ ነገሮች፦ የድስት ክዳን፣ ሳህን፣ የቆርቆሮ ጣሳ
- አሮጌ ጋዜጣ

ከካርቶኑ 2 ሳ.ሜ. ወርድ ያላቸው አምስት ቀጫጭን ቁራጮች ቆርጠው ጫፍና ጫፋቸውን ይብሱ። ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ሲለካ ሁለቱ 12 ሳ.ሜ.፣ ሁለቱ 8 ሳ.ሜ.፣ አንዱ 3 ሳ.ሜ. ይሁኑ። ከአንድ በላይ ደረጃ ላይ ስለሚያገለግሉ አይጣሏቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ ካርቶን በምላጭ የሚቆርጡት እርስዎ ነዎት፤ ልጁ መቀስ ይያዝ። ስፒሉ ካርቶኑን በስቶ ሲወጣ ጫፉ ላይ የላጲስ ቁራሽ ይሰኩበት። ቤት ውስጥ የሚድህ ሕፃን ካለ ስፒሎቹን ቆጥረው ያውጡ፣ ቆጥረው ይመልሱ።

መጀመሪያ፦ የቱ ጋ እንደጠፋበት ይወቁ

6 በ4 ሳ.ሜ. የሆነ ካርቶን ይስጡትና ሦስት ነገር ይጠይቁት። እንዳያርሙት፤ ዝም ብለው ይመልከቱ።

«ዙሪያውን በጣትህ አሳየኝ።» ጠርዙን ተከትሎ ዞሮ መነሻው ላይ መድረስ አለበት።

«ስፋቱን አሳየኝ።» ላዩን በሙሉ በመዳፉ መዳበስ አለበት። ብዙ ልጆች እዚህ ጋ አንዱን ጎን ብቻ ያሳያሉ።

ከዚያ የካሬ ቅርጽ ያለው ወረቀት በአንድ ጫፉ እንደቆመ አድርገው ዘወር ያድርጉና «ይሄ አሁንም ካሬ ነው?» ይበሉት። «አይ፣ አሁን ዳይመንድ ሆነ» ካለ፣ ቅርጽ የሚለየው በአቀማመጡ ነው ማለት ነው፤ ጎንና ማዕዘኑን አያይም። እንዲህ ዓይነቱ ልጅ ፈተና ላይ ያው ጥያቄ ስዕሉ ተገልብጦ ሲመጣ አዲስ ይሆንበታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከዛሬ ጀምሮ የቆረጡትን ቅርጽ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ እያዟዟሩ ያስቀምጡለት።

ደረጃ 1፦ ሦስቱን ቃላት ያጥሩለት

ጂኦሜትሪ አልገባውም ከሚባለው ልጅ ብዙውን ያደናገረው ቃሉ ነው። ቤት የሚሰማውና መጽሐፉ ላይ ያለው አንድ ቃል ሆኖ ትርጉሙ ይለያይበታል።

ስፋት። ቤት ውስጥ «ይሄ ጨርቅ ስፋት አለው» ስንል ወርዱን ነው። መጽሐፉ ግን ስፋት የሚለው አንድ ነገር የሚሸፍነውን ቦታ ሁሉ ነው። ስፋት አሳየኝ ሲባል አንድ ጎን የሚያሳየው ልጅ የቤቱን አማርኛ ተናገረ እንጂ አልተሳሳተም። ለጎኑ «ወርድ» የሚለውን ቃል ይስጡትና «ስፋት»ን ለንጣፉ ብቻ ያስቀሩለት።

ካሬ። ደላላ «ሁለት መቶ ካሬ ቦታ» ሲል ልጁ ሰምቷል። ያ ካሬ መለኪያ ነው፤ 200 ካሬ ሜትር ለማለት ነው። ቦታው ራሱ ረጅምና ቀጭን ሊሆን ይችላል። ሌላው ካሬ ደግሞ አራቱም ጎኖቹ እኩል፣ አራቱም ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ የሆኑት ቅርጽ ነው።

ማዕዘን። የቤት ማዕዘን ስንል ጥጉን ነው። ሒሳብ ውስጥ ግን የሚለካው በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው መከፈት ነው፤ መጽሐፉ ብዙ ጊዜ ዘዌ ይለዋል። ሦስት ማዕዘንን ደግሞ ጎነ ሦስት ሲለው ያገኙታል፤ ያው አንድ ነው።

ልጁ ሦስቱንም በራሱ ስዕል አንድ ወረቀት ላይ ይሥራቸው። የሚማርበት መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ከሆነ አጠገባቸው ኤሪያ (ስፋት)፣ ፔሪሜትር (ዙሪያ)፣ አንግል (ዘዌ)፣ ትራያንግል (ሦስት ማዕዘን) እያለ ይጻፍባቸው። ይህን የዘለለ ልጅ ቀመሩን በቃሉ ይዞ የቱ ጥያቄ ላይ እንደሚያውለው ሲያጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ደረጃ 2፦ ዘዌ የመዞር ልክ መሆኑን ያሳዩት

አንድ 12 እና አንድ 8 ሳ.ሜ. ቁራጭ በአንድ ጫፋቸው በስፒል ያያይዙ። ሲገጠሙ ዜሮ፤ ተዘርግተው ቀጥ ያለ መስመር ሲሆኑ 180 ዲግሪ። በመሃል ያለውን ሁሉ ልጁ ራሱ እየከፈተና እየዘጋ ይየው።

አሁን እኩል የተከፈቱ ሁለት ዘዌዎች ወረቀት ላይ ይሥሩ፤ የአንዱን ክንዶች ረጅም፣ የሌላውን አጭር አድርገው። «የቱ ይበልጣል?» ሲሉት ረጅሙን ይመርጣል፤ መምረጡም አይቀርም። ያን ጊዜ የካርቶን ዘዌውን በአንዱ ልክ ከፍቶ፣ ሳያነቃንቅ ሌላው ላይ ያስቀምጠው። ልክክ ይላል። ቀጥሎ በር ይክፈቱለት፦ የእጀታው ጫፍ ብዙ ይሄዳል፣ ማጠፊያው አጠገብ ያለው ትንሽ፤ በሩ የተከፈተው ግን እኩል ነው።

ቀጥሎ ጠርዙ የተቀደደ፣ ምንም ቀጥ ያለ ጎን የሌለው ወረቀት አንዴ ይጠፍ። እጥፉ ቀጥ ያለ መስመር ሆነ፤ 180 ዲግሪ። መስመሩ በራሱ ላይ ልክ እንዲያርፍ ድጋሚ ይጠፍ። ግማሹ 90 ነው። ልጁ ይህን «የኪስ ስኳድራ» (የ90 ዲግሪ መፈተሻ) ይዞ ቤቱን ይዙርበት፦ መስኮት፣ መጽሐፍ፣ የጠረጴዛ ጥግ፣ የተከፈተ መቀስ። ከእጥፉ የጠበበውን፣ ልክ የሆነውንና የሰፋውን ለይቶ ይጻፍ። መጽሐፉ ሹል፣ ቀጤና ዝርጥ የሚላቸው እነዚህን ነው።

የግድግዳ ሰዓትም ይረዳል። ከአንዱ ቁጥር እስከ ቀጣዩ 30 ዲግሪ ነው፤ 360 ለ12 ሲካፈል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ አጭሩ ቆጣሪ 3 ላይ፣ ረጅሙ 12 ላይ ሲሆን እኛ ዘጠኝ ሰዓት እንላለን፤ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ሦስት ይለዋል። እንደ ዕድል ሆኖ ቆጣሪው 3 ላይም ሆነ 9 ላይ ቢውል መከፈቱ 90 ነው። በሌሎቹ ሰዓቶች ግን «ቆጣሪው የትኛው ቁጥር ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ «ስንት ሰዓት ነው?» ካሉት ሁለት ትምህርት ይቀላቀልበታል።

ፕሮትራክተር መጨረሻ ላይ ይምጣ። ሁለት ረድፍ ቁጥር ስላለው ልጁ 60 የሆነውን 120 ብሎ ያነባል። መፍትሔው ሳይለካ መገመት ነው፦ በኪስ ስኳድራው ይፈትሽና «ከ90 ያንሳል» ይበል፤ ከዚያ 120 የሚል መልስ ቢያገኝ ራሱ ይነቃበታል።

ደረጃ 3፦ ሦስት ማዕዘን ይሥራ፣ ይቅደድ

12፣ 8 እና 8 ሳ.ሜ. ቁራጮችን በስፒል ይግጠም። ይግፋው፤ አይነቃነቅም። ከዚያ 12፣ 8፣ 12፣ 8 አድርጎ አራት ማዕዘን ይሥራ። ይሄኛው ያዘማል። የጣሪያ ካፕሪያታ (ጣሪያውን የሚሸከመው አውታር) በሦስት ማዕዘን የሚታሰረው ለዚህ ነው፤ አጠገባችሁ የሚሠራ ቤት ካለ ወስደው ያሳዩት።

አሁን በ12፣ በ8 እና በ3 ይሞክር። አይገጥምም፤ 8 እና 3 ተደምረው 11 ስለሆኑ 12ን አይደርሱበትም። ሁለት አጭር ጎኖች ድምራቸው ከረጅሙ መብለጥ እንዳለበት በዚህ ይያዘዋል።

የማዕዘኖቹን ድምር እንዲህ ያሳዩት፦
ሀ. ልጁ ደስ ያለውን ሦስት ማዕዘን ወረቀት ላይ ሠርቶ ይቁረጥ። እርስዎ አይሥሩለት፤ የእርስዎ ብቻ የሚሠራ ተንኮል ይመስለዋል።
ለ. ሦስቱን ማዕዘኖች ጫፋቸው ላይ በከለር ይቀባ።
ሐ. ማዕዘኖቹን በእጁ ይቅደድ። በመቀስ ከተቆረጠ ሁሉም ጠርዝ ቀጥ ስለሚል የትኛው ጫፍ የፊተኛው ማዕዘን እንደሆነ ይጠፋል።
መ. የተቀቡትን ሦስት ጫፎች አንድ ነጥብ ላይ ያገናኝ። ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ፤ 180።

በሌላ ሦስት ማዕዘን ይድገም። ቀጥሎ በማንኛውም አራት ጎን ቅርጽ ይሞክር፤ አራቱ ጫፎች አንድ ነጥብ ዙሪያ ክፍተት ሳይተዉ ይሞላሉ፤ 360።

ደረጃ 4፦ ዙሪያ በክር

ክሩን በደብተሩ ጠርዝ ያዙረው፣ መነሻው ጋ ሲደርስ ይቁረጥና ማስመሪያ ላይ ይዘርጋው። ከዚያ አራቱን ጎኖች ለክቶ ይደምር። ሁለቱ ካልተቀራረቡ የማስመሪያውን አነሳስ ይዩ። ጀማሪ ልጅ ከፕላስቲኩ ጫፍ ወይም ከ1 ይጀምራል፤ መነሻው ግን የዜሮዋ መስመር ናት። የልብስ ሰፊ ሜትር ከሆነም በስተጀርባው ኢንች ሊኖር ይችላል።

ደረጃ 5፦ ስፋት በንጣፍ

ቸኩለው የሚያልፉት ደረጃ ቢኖር ይሄ አይሁን። ሁለት ቀን ይስጡት።

የ6 በ4 ካርቶኑን በ1 ሳ.ሜ. የወረቀት ካሬዎች ያልብሰው። መጀመሪያ አንድ በአንድ ይቁጠር፤ 24። ከዚያ «በአንድ ረድፍ ስንት ናቸው? ስንት ረድፍ አለ?» ይበሉት። ስድስት ስድስት፣ አራት ጊዜ። «ርዝመት ሲባዛ በወርድ» የሚለው ቀመር ረድፍ መቁጠር መሆኑ እዚህ ነው የሚበራለት። መልሱ ለምን ካሬ ሳንቲ ሜትር እንደሚባልም አይጠይቅዎትም፤ የቆጠረው ካሬ ነውና።

ቀጥሎ ክሩ ይመጣል። ሁለቱን ጫፎች ሲያስሩ ዙሩ ልክ 20 ሳ.ሜ. እንዲሆን ያድርጉ፤ ለቋጠሮው 2 ሳ.ሜ. ያህል ይጨምሩለት። ባለ ካሬውን ወረቀት ካርቶን ላይ ይለጥፉና ክሩን በአራት ስፒል ወጥረው የተለያየ ቅርጽ ያሠሩት፦

9 በ1፦ ዙሪያው 20፣ ስፋቱ 9
8 በ2፦ ዙሪያው 20፣ ስፋቱ 16
7 በ3፦ ዙሪያው 20፣ ስፋቱ 21
6 በ4፦ ዙሪያው 20፣ ስፋቱ 24
5 በ5፦ ዙሪያው 20፣ ስፋቱ 25

አንዲት የ5ኛ ክፍል ልጅ ይህን ስታደርግ 9 በ1 ላይ ደርሳ ቆመች። ክሩን አውጥታ እንደገና ለካችው፤ አሳጠሩብኝ ብላ ነው። 20 ሆነባት። «ክሩ ያው ነው እኮ፤ ታዲያ ሜዳው የት ሄደ?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም፤ ድጋሚ እንድትወጥረው ብቻ ነገርኳት። እየቀጠነ ሲሄድ ሁለቱ ረጃጅም ጎኖች እየተቀራረቡ መሃሉን ሲያጠፉት አየች። ዙሪያና ስፋትን ከዚያ በኋላ አልቀላቀለቻቸውም።

ተገላቢጦሹንም ይሞክሩ። 24 ካሬዎችን በ24 በ1፣ በ12 በ2፣ በ8 በ3፣ በ6 በ4 ይደርድር። ንጣፉ ሁሌም 24 ነው፤ የሚፈጀው ክር ግን 50፣ 28፣ 22፣ 20 ይሆናል።

በመጨረሻ ጋዜጣ በፕላስተር አያይዞ ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ካሬ ይሥራና መሬት ላይ ያንጥፈው። ደላላው የሚለው «አንድ ካሬ» ይሄ ነው። መኝታ ቤቱ ስንቱን ይይዛል? 4 በ3 ሜትር የሆነ ክፍል 12 ይይዛል። ከዚያ ይህን ጥያቄ ይጣሉለት፦ «ጋዜጣው ስንት ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው?» መቶ ይላል፤ ትልልቆቹም ይሉታል። በአንድ ረድፍ 100፣ ረድፉም 100 ስለሆነ 10,000 ነው።

ደረጃ 6፦ የሦስት ማዕዘን ስፋትና የከፍታ ጣጣ

8 በ6 የሆነ ወረቀት ከጥግ ጥግ ይቁረጥ። ሁለቱ እኩያ ናቸው፤ ከ48ቱ ለእያንዳንዳቸው 24። እዚህ ካቆሙ ግን ልጁ ግማሽ የሚሆነው እንዲህ ያለው ብቻ ይመስለዋል። ስለዚህ ሌላ 8 በ6 ወረቀት ይውሰድና ላይኛው ጠርዝ ላይ የፈለገው ቦታ ነጥብ ያድርግ። ከነጥቡ ወደ ታችኛው ሁለት ጥግ አስምሮ ይቁረጥ። የተረፉት ሁለት ቁራጮች እየተገለበጡ መሃለኛውን ሦስት ማዕዘን ልክ ይሸፍኑታል። አሁንም ግማሽ ነው።

ልጆች በጣም የሚስቱት ከፍታውን ነው። ያዘመመውን ጎን ይወስዱና ያባዙታል። ሦስት ማዕዘኑን ግድግዳ ላይ መሠረቱን አግድም አድርገው ይለጥፉትና ክር ላይ ጠጠር አስረው ከላይኛው ጫፍ ይልቀቁት፤ ግንበኛ ቱንቢ እንደሚጥለው ማለት ነው። ክሩ ከጫፉ እስከ መሠረቱ የወረደበት ልክ ከፍታው ነው። ተንሸራቶ የመጣው ጎን ሌላ ነገር ነው።

ያቺን በደረጃ 3 የሠራችሁትን የ12 በ8 አራት ማዕዘን አሁን መልሰው ያውጧት። ቀጥ ብላ ስትቆም ስፋቷ 96 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ከፍታዋ 5 ሳ.ሜ. እስኪሆን ያዘንብሏት። ቁራጮቹ አልተለወጡም፣ ዙሪያዋም ያው 40 ነው፤ ስፋቷ ግን 12 ሲባዛ በ5፣ 60 ሆነ። አሁንም 12 በ8 የሚያባዛ ልጅ ካለ ባለ ካሬው ወረቀት ላይ ያስቀምጧትና ይቁጠር።

ደረጃ 7፦ ክብ

በድስት ክዳኑ ዙሪያ ክር ያዙርና ይቁረጥ። ከዚያ በዚያው ክር የክዳኑን መሃል አቋራጭ፣ ማለትም ዲያሜትሩን፣ ስንት ጊዜ እንደሚደርስ ይለካ። ሦስት ጊዜ ይሄድና ትንሽ ይተርፋል። በሳህንም፣ በጣሳም ያው ሦስትና ትንሽ ነው። ፓይ የሚባለው ይሄ ሲሆን በግምት 3.14 ወይም 22 ለ7 ነው። ዲያሜትሩ 21 ሳ.ሜ. የሆነ ክዳን ዙሪያው 66 አካባቢ ይመጣል። ዲያሜትሩ በመሃል ማለፍ አለበት፤ መሃሉን ካላገኘ በወረቀት አስምሮ ይቁረጥና ለአራት ይጠፈው፤ እጥፎቹ የሚገናኙበት መሃሉ ነው።

ለስፋቱ፣ 14 ሳ.ሜ. ዲያሜትር ያለው የወረቀት ክብ አራት ጊዜ ይታጠፍ። ሲዘረጋ 16 እኩል ቁራጭ አለው። ይቁረጥና አንዱን ሹሉን ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች እያደረገ ይደርድር። ጠርዙ ወጣ ገባ ያለ አራት ማዕዘን ይመስላል፦ ርዝመቱ የዙሪያው ግማሽ፣ 22 ገደማ፤ ወርዱ ሬዲየሱ (የዲያሜትሩ ግማሽ)፣ 7። ስፋቱ 154 ገደማ። «ሬዲየስ ሲባዛ በሬዲየስ ሲባዛ በፓይ» ከየት እንደመጣ አየው ማለት ነው።

ደረጃ 8፦ ከእጅ ወደ ደብተር

ልጁ የነካውን ነገር ይሣል፣ ልኬቱን ስዕሉ ላይ ይጻፍ፣ ቀመሩ የመጨረሻ ይሁን። ከካርቶን በቀጥታ ወደ ቀመር ከዘለሉ ካርቶኑ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። ጥያቄ ሲሠራ ቁጥር ከመንካቱ በፊት «ክር ነው ንጣፍ?» ይበሉት። አጥር፣ ጥልፍ፣ የመስኮት ጠርዝ ክር ናቸው። ቀለም፣ ሴራሚክ፣ ምንጣፍ ንጣፍ ናቸው።

ወላጆች ላይ የማያቸው ስህተቶች

ቶሎ መቁረጥና መለካት ከልጁ እጅ ላይ መንጠቅ። የእርስዎ መስመር ቀጥ ያለ ይሆናል፤ የሚማረው ግን የያዘው እጅ ነው።

ልኬቱ 65 ሲመጣ «66 ነው መሆን ያለበት» ብሎ ማረም። የክር ልኬት ትንሽ ይዛነፋል፤ ልጁ ሦስት ጊዜ ለክቶ ይመልከት። በጣም ከራቀ ብቻ አብረው ስህተቱን ይፈልጉ።

ስዕሉን ሁልጊዜ መሠረቱን ወደ ታች አድርጎ መሥራት። ያዟዙሩት።

ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ከሆነና ለሁሉም ጊዜ ከሌለ ደረጃ 1ን በአንድ ምሽት፣ ደረጃ 5ን በሁለት፣ ደረጃ 6ን በሁለት ያድርጉ። ቁራጮቹንና ክሮቹን በአንድ ፖስታ ይክተቷቸው፤ የቀረውን ከፈተናው በኋላ ይቀጥሉበታል።